አሸንዳውን ወደ ግቢ መልሱት፦ ከአንድ ጎንደሬ አሸንዳ ሠሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጎንደር ከተማ የቤት ፕላን ለምትመረምሩና የግንባታ ፈቃድ ለምትሰጡ፣ ቤት ለምታሠሩና ለምታከራዩ፣ እንደ እኔ ቆርቆሮ እየቀጠቀጣችሁ ለምታድሩ፣ ይልቁንም ጀሪካን ይዛችሁ በሌሊት ለምትነሡ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከክዳናችሁ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ወደ መንገድ ከመልቀቅ ይልቅ በግቢያችሁ እንድታጠራቅሙት ልለምናችሁ ነው።

እኔ አሸንዳ ሠሪ ነኝ። ላሜራ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ከክዳን ጠርዝ ላይ ስሰቅል ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከአራዳ እስከ አዘዞ፣ ከማራኪ እስከ ቁስቋም ግርጌ እጄ ያላረፈበት ሰፈር ጥቂት ነው። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን ልናዘዝ ብዬ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሠራሁት ሥራ ውሃን ከግቢ ማባረር ነበር። ባለቤቱ «ግድግዳዬን እንዳይነካብኝ፣ ወደ መንገድ ልቀቅልኝ» ይለኛል፤ እኔም እለቅለታለሁ። ሒሳቤን ተቀብዬ በወጣሁ በሳምንቱ የዚያው ሰው ልጅ አራት ጀሪካን ባጃጅ ላይ ጭና ውሃ ፍለጋ ስትሄድ መንገድ ላይ አገኛታለሁ። «እንዴት ዋልክ ጋሼ» ትለኛለች። እኔ አፍራለሁ፤ እሷ ለምን እንዳፈርኩ አታውቅም።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእኛ ከተማ የተተረተ ይመስለኛል። መንገዱን ተከትላችሁ ብትወርዱ ታዩታላችሁ። እኔ ወደ መንገድ የለቀቅሁት ውሃ በኮብልስቶኑ ላይ እየተንደረደረ ቀሃ ይገባል፤ ቀሃ መገጭ ይገባል፤ መገጭ ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ነው። ዓባይን ከሚያጠጡት ቤቶች መካከል የእኛም አሉበት ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ዶፍ እየወረደ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ባዶ ጀሪካን ያሰለፈ ሰው ግን ስንቴ አይቻለሁ። ጀሪካኑ የሚፈልገውን ጃንጥላው ያባርረዋል።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ክዳኑ 50 ካሬ የሆነ ቤት እንውሰድ፤ ሳሎንና ሁለት ክፍል ያለው፣ ብዙዎቻችን የምንኖርበት ዓይነት። በ1,000 ብናሰላው 50,000 ሊትር ይወርድበታል። ነፋስ ለሚወስደው፣ ከአሸንዳ ለሚዘለው፣ ከጋለ ቆርቆሮ ላይ ለሚተነውና መጀመሪያ ለሚደፋው አንድ አምስተኛውን ተዉት። 40,000 ሊትር ይቀራል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2,000 ጀሪካን ነው። አንድ አህያ በአንድ ጊዜ አራት ብትጭን 500 ምልልስ። ያን ሁሉ አህያ በደጃችሁ በኩል ወደ ቀሃ ስትነዱት አስቡት።

አንድ ነገር ላስታውስ፤ ደንበኞቼም ይሳሳቱበታል። ካሬው የሚለካው በቆርቆሮው ብዛት ሳይሆን ክዳኑ በሸፈነው መሬት ነው። ክዳኑ ተዳፋት ስለሆነ የገዛችሁት ቆርቆሮ ይበልጣል፤ ዝናቡ ግን የሚቆጥረው መሬቱን ነው። ስለዚህ ቤታችሁን ለመለካት መሰላል መውጣት አያስፈልግም። ጠፈጠፉ መሬቱን ከቦረቦረበት እስከ ማዶው ጠፈጠፍ በእርምጃ ለኩት፤ ይበቃል።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሻጭ መስዬ መታየት አልፈልግም። 40,000 ሊትሩን የሚያስቀምጥ ቤት የለም። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ራሱ ለብዙዎቻችን ከአቅም በላይ ነው። አምስት ሆነን ለነፍስ ወከፍ በቀን አንድ ጀሪካን ብንጠቀም 100 ሊትር ነው፤ 5,000ው 50 ቀን ያቆየናል። መስከረም መጨረሻ ጢም ብሎ የተዘጋ ሮቶ ኅዳር 20 አካባቢ ባዶውን ይጮኻል። ከዚያ እስከ ግንቦት ያለው በጋ እንዳለ ነው። የዝናብ ውሃ ቧንቧን አይተካም። በደለል እየተሞላ የሚይዘው የቀነሰውን የአንገረብን ግድብም፣ ስንት ዓመት የጠበቅነውን የመገጭን ግድብም አይተካም። «ዝናብ ስላለ ግድብ ለምን» የሚል ቢመጣ ይህን ደብዳቤ እንዳይጠቅስብኝ አደራ።

ግን ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዛሬ የቀዳችሁት ነገ ይሞላል። ያኔ ትልቅ ሮቶ የግድ አይደለም፤ ሁለት በርሜል የአንድን ቤት ልብስና ሽንት ቤት ይችላል። አራቱ የዝናብ ወራት ከነልብስ አጠባው፣ ከነሽንት ቤቱ፣ ከነወለል ማጽጃው በክዳናችሁ ውሃ ቢያልፍ፣ ሮቶ ያለው ደግሞ እስከ ኅዳር ቢደርስ፣ ስድስት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ነው። እናንተ ያልተሰለፋችሁበት ቦታ ደግሞ ክዳን ለሌለው ወይም ቤቱ በላስቲክ ለተሸፈነ ሰው ይለቀቃል።

ይህን ለእናቶቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የእኔ እናት ክረምት ሲገባ ከጠፈጠፉ ስር ጋን ትደቅን ነበር። የዝናብ ውሃ ሳሙና ይቆጥባል፤ ቶሎ አረፋ ያወጣል፤ ነጠላው ይነጣል። ባቄላም በዝናብ ውሃ ቶሎ ይበስላል ትል ነበር፤ አልተሳሳተችም፣ ድንጋይና አፈር ውስጥ ስላልቆየ ለስላሳ ውሃ ነው። በሣር ክዳን ዘመን ግን ይህ አይሞከርም ነበር። ከሣር የሚወርደው ውሃ እንደ ጠላ የጠቆረ ነው፤ ጢስም ጥላሸትም ይዞ ይወርዳል። ቆርቆሮ ከገባ ወዲህ ነው ክዳን ንጹሕ ውሃ መስጠት የጀመረው። ጉዱ ደግሞ ያኔውኑ አሸንዳ ሠሪ መጣና ውሃውን ወደ መንገድ ላከው።

ጳጉሜ 3ን ተመልከቱ። በሩፋኤል ቀን ዝናብ ሲወርድ ግቢው ሁሉ ሳፋና ባልዲ ይዞ ይወጣል። ልጆች ራቁታቸውን ይጠመቁበታል፤ እናቶች ቡሆው ላይ ጠብ ያደርጉታል፤ በጠርሙስ የሚያስቀምጥም አለ። በበዓሉ አልቀልድም፤ እኔም እወጣለሁ። የምጠይቀው ጳጉሜ 4 ያው ዝናብ ከዚያው ሰማይ ሲወርድ ሳፋው የት እንደሚገባ ነው። ጥምቀት ሲቃረብም የቀሃን ውሃ በቦይ ጠልፈን ፋሲል ጥምቀተ ባሕር እንሞላለን። ያን ቦይ ያሰበ ሰው ውሃ በደጁ ሲያልፍ ዝም ብሎ አላየም።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት። ለሰው ስሰቅል ኖሬ ለራሴ ቤት አሸንዳ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን «ያንተ ክዳንስ የማን ነው?» ብላ ብታሳፍረኝ ሰቀልኩ፤ ከስሩም ሦስት በርሜል ደረደርኩ። ክዳን አላደረግሁላቸውም፤ «ውሃው ይገባበታል፣ ለምን ይዘጋል?» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ውሃው አረንጓዴ ሆነ። በአራተኛው ትንንሽ ትል የሚመስል ነገር ወደ ላይ ወደ ታች ይል ጀመር፤ የትንኝ እጭ ነው። የጎረቤት ልጅ እጇን ነክራ ስትጫወትበት ባየሁ ጊዜ በርሜሎቹን ገለበጥኳቸው። ሽታው ለሁለት ቀን አልለቀቀም።

በዓመቱ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ገዛሁና ከእንጨት ቆጥ ሠርቼ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ መሆኑን እያወቅሁ፣ ሮቶው ሲሞላ 10 ኩንታል እንደሚሆን አላሰብኩትም። ነሐሴ ላይ መሬቱ ሲርስ አንዱ እግር ሰመጠ፤ ሮቶው ወደ ጎረቤት አጥር አጋደለ። ሌሊት ስለነበር ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ጎረቤቴ አጥሩን እያየ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለኝ፤ እውነትም ስንስቅ ነበር። አምስት ሺህ ሊትር የምታስቡ ሰዎች 50 ኩንታል ጤፍ በአንድ ቦታ እንደምትቆልሉ ቁጠሩት። ከድንጋይና ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ወለሉ የተስተካከለ መሠረት ይፈልጋል። ቆጥ አይሆንም።

ከእነዚህ ጥፋቶች የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ። አሸንዳው በየሜትሩ 1 ሳንቲም ሜትር ገደማ ይዘቅዝቅ፤ ካልዘቀዘቀ ውሃ ያቁራል፣ ቅጠል ይበሰብስበታል። መያዣውን በየ60 ሳንቲም አስጠጉት፤ በረዶ የጣለ ቀን ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ቆርቆሮው ከአሸንዳው ውስጥ ጥቂት ጣት ይግባ፤ በጣም ካጠረ ውሃው በግድግዳው በኩል ይወርዳል፤ በጣም ከረዘመ በዶፍ ጊዜ አሸንዳውን ዘሎ ያልፋል። የሮቶው አፍ በጥሩ ወንፊት ይሸፈን፤ ወንፊቱ ትንኝ የማያሳልፍ ይሁን። ሮቶው ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ ብርሃን ካልገባ አረንጓዴ አይሆንም። መቅጃው ቧንቧ ከወለሉ 10 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል፣ ዝቃጩ ከታች እንዲቀር። ሲሞላ የሚፈስበት ማስተንፈሻም ከመግቢያው ያላነሰ ስፋት ይኑረው፤ መውጫው ከቤቱ መሠረት ራቅ ብሎ ወደ ጓሮው ጎመን ይሂድ። ያረጀ የቀለም ወይም የኬሚካል በርሜል ርካሽ ቢሆንም አትግዙ፤ ታጥቦ አይጠራም።

ዋናው ግን የመጀመሪያው ውሃ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ክዳኑ ላይ የተቀመጠው አቧራ፣ የእርግብ ኩስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሁሉ የሚወርደው በመጀመሪያው ዝናብ ነው። የዓመቱን የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ዝናብ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ከዚያ በኋላም ዝናብ ለጥቂት ቀን ቆይቶ በመጣ ቁጥር፣ ለ50 ካሬ ክዳን ሁለት ጀሪካን ያህሉ ይደፋ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ከአሸንዳው ወደ ሮቶው ከሚሄደው ቧንቧ ላይ አንድ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ አወጣለሁ፤ ታችኛውን ጫፍ በሚከፈት ክዳን እዘጋዋለሁ። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ እሱን ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ወደ ሮቶው ይዞራል። የዚህ ቱቦ አንዱ ሜትር 9 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ እስከ መሬት ብታወርዱት ከ25 ሊትር በላይ ነው፤ ለሁለቱ ጀሪካን እንግዲህ ሁለት ቱቦ ይፈልጋል። ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑን ከፍቶ ማፍሰስ ነው፤ ይህን የቤቱ ልጅ ይችላል። ቱቦ ለመግዛት የማይችል ሰው ቧንቧውን በእጁ ወደ ውጭ አዙሮ ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ዋጋው መበስበስ ብቻ ነው።

ለሙያ ጓዶቼ አንድ ምስጢር ላውጣ። አሸንዳ ስንገጥም የምንበይድበት ስታኞ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። ውሃው ወደ መንገድ ሲሄድ ግድ አልነበረንም። ወደ ሮቶ ሲገባ ግን ግድ ሊለን ይገባል፤ የልጅ አእምሮ የሚጎዳ ነገር ነው። በሪቬት ግጠሙ፣ በሲሊኮን ድፈኑ። እርሳስ ያለበት አሮጌ ቀለም የተቀባ ክዳንና የአስቤስቶስ ክዳን ካጋጠማችሁም ባለቤቱን «ለጓሮና ለሽንት ቤት ካልሆነ አትጠቀምበት» በሉት፤ ሥራው ቢቀርባችሁም።

ስለ መጠጥ ስትጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያለኝ፦ እንዲሁ አትጠጡት። የሩፋኤል ቢሆንም እንኳ። ከሰማይ ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል፤ ክዳን ላይ ያረፈችውን እርግብ ግን ሰማይ አያውቃትም። ለመጠጥ የሚፈልግ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ያፍላ። እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ከፍታ ይገባበታል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ተዉት። ከሰል የተወደደበት ሰው እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ገዝቶ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምርበት። እኔ ቤት ግን የመጠጡ ከቧንቧ ነው፤ የዝናቡ ለሌላው ሁሉ። በቀን ከምንጠቀመው ውሃ የምንጠጣው ጥቂቱን ነው፤ ጀርባ የሚያጎብጠው የተቀረው ነው።

«ውሃ ማቆር» ሲባል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገጠሩ የተካሄደውን የማቆሪያ ጉድጓድ ዘመቻ ያስታውሳሉ። ብዙ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ፕላስቲኩ ተቀደደ፣ ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ ውሃው ሰረገ፣ የቀረውም የትንኝ ቤት ሆነ። ከብትና ሕፃን የገባበትም ነበር። ከዚያ የወሰድኩት ትምህርት ቁጥር ለመሙላት የተሠራ ነገር ውሃ እንደማይይዝ ነው። የክዳን ውሃ ከጉድጓድ ይለያል፤ ከመሬት በላይ ነው፣ ይከደናል፣ ቢያፈስ ይታያል። በኮታ ከተሰጠ ግን እሱም ያው ይሆናል።

ስለዚህ ፕላን ለምትመረምሩት ጥያቄዬን በጥንቃቄ ላቅርብ። የሕንጻ አዋጁ ማንም ሰው ከመገንባቱ በፊት ፕላኑን አቅርቦ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። እንግዲህ ፕላኑ እጃችሁ ላይ በሚያርፍበት በዚያች ቀን ሁለት ነገር ፈልጉበት። አንደኛው አሸንዳውና መውረጃ ቧንቧው በግቢው ውስጥ ወዴት እንደሚወርድ፤ ሁለተኛው ከመውረጃው ስር 2 በ2 ሜትር የሆነ የሮቶ መሠረት። ሮቶውን አታስገድዱ። ሮቶ ብታስገድዱ ሰው በወረቀት ይስለዋል፣ በመሬት አይኖርም፤ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የት እንደምናየው ታውቃላችሁ። መሠረቱ ግን ግንብ ሲጀመር ድንጋዩም ሲሚንቶውም ሠራተኛውም እዚያው ስላለ ዋጋው አይሰማም። ቤቱ ካለቀ በኋላ ስትጠሩኝ ግን ሊሾ እሰብራለሁ፣ አበባ እነቅላለሁ፣ ሦስት እጥፍ አስከፍላችኋለሁ። መሠረቱ ካለ ሰውየው ዘንድሮ በርሜል፣ በሦስት ዓመቱ ሮቶ ያስቀምጥበታል።

በዓለም ላይ ይህን በሕግ የደነገጉ አሉ። ወንዝ የሌላት የቤርሙዳ ደሴት ቤት ሁሉ በክዳኑ ውሃ ይዞ ከስሩ እንዲያከማች በሕግ ታስገድዳለች። የሕንዷ ታሚል ናዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕንጻ ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች። ልጄ በስልኳ አሳይታኝ ነው ያወቅሁት፤ የቤርሙዳን ነጫጭ ክዳን ሳይ አሸንዳ ሠሪ ሆኜ ቀናሁ። እኛ ቤርሙዳ አይደለንም፤ ወንዝም ቧንቧም አለን። እነሱ ባጡት ያደረጉትን እኛ በትርፉ እናድርግ ነው የምለው።

ከመኖሪያ ቤት በፊት ግን ትልልቅ ክዳን አለ። የአንድ ትምህርት ቤት ሕንጻ 400 ካሬ ክዳን ቢኖረው፣ በዚያው ሒሳብ 320,000 ሊትር ነው። «ክረምት ተማሪ የለም፣ ለማን?» ብሎ የሚጠይቅ ብልህ አይጠፋም፤ እኔንም አንድ ጊዜ ጠይቀውኛል። መልሱ እዚያው ነው። ነሐሴ ላይ ሞልቶ የተዘጋ ታንከር ማንም ሳይነካው መስከረም ይጠብቃል፤ ትምህርት ሲከፈት ለሽንት ቤትና ለእጅ መታጠቢያ ውሃ አለ። ሴት ልጆች በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት የሚቀሩት በምን ምክንያት እንደሆነ ርእሳነ መምህራን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጤና ጣቢያ፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ ኮንዶሚኒየምም እንዲሁ ነው። የኮንዶሚኒየም ክዳን የማንም ስላልሆነ ውሃውም የማንም ሳይሆን ይፈሳል።

የማን ነው ካልን የተከራይ ነገር ይመጣል። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ ነበሩ፤ አንዲት ተከራይ ከጠፈጠፉ ስር በርሜል አቆመች። አከራይዋ «ክዳኑ የእኔ ነው፣ ውሃውም የእኔ ነው» አሉ። ተከራይዋ «እማማ፣ ዝናቡስ?» አለቻቸው። ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። እኔን ለሽምግልና ጠሩኝ፤ አሸንዳውን ለሁለት ከፍዬ አንዱን ወደ አከራይዋ ሮቶ፣ አንዱን ወደ ጋራ በርሜል አወረድኩ። የሰቀልኩበትን ዋጋ የከፈለኝ ማንም የለም፤ ቡና ግን ጠጥቻለሁ። አከራዮች ሆይ፣ በውላችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩበት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሽማግሌ ከመጥራት ይሻላል።

አሸንዳ ሠሪ ወንድሞቼ፣ እናንተን የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ደንበኛው «ወደ መንገድ ልቀቅልኝ» ሲላችሁ እንደ እኔ ወዲያው እሺ አትበሉ። «በርሜል አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙው ሰው ያላሰበው ስለሆነ ነው እንጂ እምቢ ብሎ አይደለም። ሥራውን ለመማር የሚፈልግ ወጣት ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ክፍት ነው፤ ያን የመጀመሪያ ውሃ መደፊያ ቱቦ እንዴት እንደሚገጠም አሳየዋለሁ፤ አላስከፍልም።

ይህን የምጽፈው በግንቦት ነው። ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፤ ደመናው ግን ከወዲሁ በአንገረብ በኩል መሰብሰብ ጀምሯል። ዛሬ ጠዋት መሰላል አቁሜ የራሴን አሸንዳ ጠረግሁ። አንድ ባልዲ አፈር፣ የልጆች የጨርቅ ኳስና አንድ እግር ካልሲ ወጣልኝ። ጫፉ ላይ እርግብ ሁለት እንቁላል ጥላ ስለነበር ያን ክፍል ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ እስኪፈለፈሉ በዚያ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ መንገድ ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አሸንዳ ሠሪ
ጎንደር